የጾም ደም

ነገሌ ውስጥ የጃፓንን የደም ፊልም ያስለመደው መምህር አምሀ ነው የሚላችሁ ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ የአምሀ አማች ነው። ያስለመድኩት እኔ ነኝ። በርግጥ ካሴቱን ከሞያሌ በጆንያ ያስጫነው ራሺድ ነው። ቪዲዮ ቤቱም፣ ዴኩም፣ ቴሌቪዥኑም የሱ ነው። ግን ካሴት ብቻውን ምንድን ነው? ፕላስቲክ ነው። ነፍስ የዘራሁበት እኔ ነኝ፣ በማይክ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ያኔ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ቪዲዮ ቤት ያለ ተርጓሚ አይታይም ነበር። ተርጓሚው ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ፊልሙ ሲናገር እሱም ይናገራል፤ ባማርኛ ይጀምራል፣ ከኋላ ያልገባው ሰው ሲያጉረመርም በኦሮምኛ ይደግመዋል። የሕንዱን ሁሉ እንዲህ ስንወጣው ኖርን። አንድ ቀን ታዲያ ከላስቲክ ጫማ ጋር ተጠቅልሎ፣ ማንም የማያነበው ጽሑፍ ያለበት ካሴት መጣ።

«ይሄ ቻይና ነው?» አለኝ ራሺድ።

«ጃፓን ነው።»

«ቋንቋቸውን ትችላለህ?»

«ሕንድኛስ መቼ ቻልኩ?»

ሳቀና ዴኩ ውስጥ ከተተው።

ያን ቀን ያየነውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አንድ የጥርስ ሐኪም በመሰርሰሪያው ሰፈር ሙሉ ሰው ይፈጃል። ቤቱ አንድ ነው፤ የሞተው ሰው ሸሚዝ ቀይሮ ተመልሶ ይመጣና ደግሞ ይሞታል። የሚቆረጠው እጅ ላስቲክ መሆኑ ከመጨረሻው አግዳሚ ይታያል። ደሙ ግን እንደ ገናሌ ወንዝ ሙላት ነው። ግድግዳው ደም፣ ጣሪያው ደም፣ ካሜራው ራሱ ደም። በሳምንቱ ሌላ መጣ፦ የሙሽራ ጸጉር ሠርገኛውን ሁሉ እየጠቀለለ ይውጣል። ታሪክ የሚባል ነገር የላቸውም። ታሪክ የሌለው ፊልም ደግሞ የተርጓሚ ርስት ነው።

እኔም አረስኩት። ሐኪሙን፣ በገዛ ወንድሙ ሠርግ ላይ ከበር የተመለሰ ሰው አደረግሁት። ሙሽራይቱን ደግሞ ሚዜዎቿ ያሟት ሴት። ሰው በከንቱ ሰው አይቆርጥም፤ የሚቆርጠው የተናቀ ሰው ነው። በኔ ትርጉም ውስጥ ሁሉም ገዳይ ይህን ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ሕዝቡም ይቀበለዋል። ፊት አግዳሚ ላይ የማይጠፋው የከብት ደላላው ዋሪዮ ብቻ ነበር የሚያስቸግረኝ።

«ኩን ዲጋ ሚቲ» ይላል፣ ደም አይደለም ማለቱ ነው። «ደም እንዲህ አይዘልም። ይሄ ቧንቧ ነው።»

«አንተ ቲኬትህን ይዘህ ቁጭ በል» እለዋለሁ። በነጋታው ከሁሉም ቀድሞ በሩ ላይ ነው።

አሁን ወደ አምሀ ልመለስ፤ የኔና የሱ ነገር የጀመረው ቪዲዮ ቤት አይደለም፣ ትምህርት ቤት ነው። በሰማንያ አምስት ስምንተኛ ክፍል ነበርን። አምሀ ያኔም የክፍል አለቃ ነበር፤ ለዓመቱ መዝጊያ ድራማ ጻፈ። ለራሱ የአባትየውን ቦታ ወሰደ፣ ለጓደኞቹ የልጆቹን ሰጠ፣ ለኔ ሬሳውን። ከእግር እስከ ራሴ በጋቢ ጠቅልለው አራት ሆነው ተሸክመው አስገቡኝ፣ መሐል ላይ አስተኙኝ፣ እስኪያልቅ ድረስ ላዬ ላይ አለቀሱ። እናቴ ሐረገወይን ጸጉሯን ተሠርታ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ «ዛሬ ልጄ ይጫወታል» ብላ ነግራ ነበር የመጣችው። ሲያልቅ ግቢው በር ላይ ያዘችኝ።

«አንተ ልጅ፣ የት ነበርክ? ሁሉንም አየሁ፣ አንተን አጣሁህ።»

«ሬሳው እኔ ነበርኩ።»

«የቱ ሬሳ?»

«የተጠቀለለው።»

«እኔ እኮ ፍራሽ መስሎኝ ነው» አለች።

በዚያው ሰሞን ሚኒስትሪ ወደቅሁ። አምሀ አለፈ፣ ኮሌጅ ገባ፣ ከረባት አስሮ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ይህን ነው የሚያስታውሰው፣ ማለፉንና መውደቄን። እኔ የማስታውሰው ፍራሹን ነው።

በዘጠና አምስት፣ ሁዳዴ እንደ ገባ፣ አምሀ ቪዲዮ ቤት ድረስ መጣ። የመጣው ገና ተመልካች ሳይገባ፣ ወንበር እየደረደርኩ ሳለሁ ነው።

«ባስሌ፣ ናጋ?» አለኝ። አምሀ በኦሮምኛ ሰላም ካለ የሚፈልገው ነገር አለ ማለት ነው።

«ናጋ። ምን እግር ጣለህ?»

«ፊልም ልንሠራ ነው፤ የራሳችንን፣ የነገሌን። ራሺድን አስማምቼዋለሁ። የሠርግ ካሜራው አለ። ድርሰቱን ጨርሻለሁ። እንደ ጃፓኖቹ ነው የምንሠራው፤ አንድ ጫካ፣ አንድ ቤት፣ አንድ መጋዝ።»

ታሪኩን ነገረኝ። አንድ ሰው የጽድ ዛፍ እየቆረጠ ይኖራል። መጋዙ ዛፍ ይሰለቸውና ሰው መቁረጥ ይጀምራል። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት መልእክቱ ምንድን ነው ብሎ ጠይቆት ነበር፤ «ደን ይጠበቅ» ነው ብሎ መለሰና ፈረሙለት። ያኔ መልእክት ይኑረው እንጂ ሰው በመጋዝ ብትከትፍም የሚከለክልህ አልነበረም።

«ደሙ ላይ አንተ ነህ የምታውቀው» አለኝ። «አንተን ሳልጠይቅ አልጀምርም ብዬ ነው።»

የማውቀውን ነገርኩት። ጃፓኖቹ ደም አይቆጥቡም፤ በቃ ሲባል ነው የሚጨምሩት፤ ደሙ ካነሰ ሰው ያዝናል፣ ከበዛ ግን ይስቃል፣ እየሳቀም ይፈራል አልኩት። የእንስሳት ጤናዎቹ እነጣዲቻ ከብት ላይ የመዥገር መድኃኒት የሚረጩበትን፣ በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ ተዋሰው ብዬ የመከርኩትም እኔ ነኝ። ዛሬ እሱ አስቤው ነው ይላል።

«ገዳዩን ማን ይጫወታል?» አልኩት መጨረሻ ላይ።

«እኔ ነኝ። ንግግሩ ስለሚከብድ።»

«እኔስ?»

«አንተማ ቁልፉ ሰው ነህ። ታሪኩ ራሱ የሚጀምረው ባንተ ነው።»

«በምኔ?»

«በሬሳህ።»

ወንበሩን አስቀመጥኩት። «ፊቴ ይታያል?»

«በደረትህ ነው የምትተኛው። ምስጢር እንዲኖረው።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ስለ እናቴ ነው። ከዚያ ከድራማው ወዲህ ጎረቤት ሲጨዋወት የኔ ነገር ከተነሳ «ሲጫወት አላየሁትም እኔ» ትላለች፤ ክፉ አስባ አይደለም፣ እውነቷን ነው። ካሜራው ፊት ልሁን እንጂ፣ እንዴትም ብዬ ፊቴን አዞራለሁ ብዬ ነበር።

የደሙ ነገር ግን ሳይጀመር ሊያፈርሰን ነበር። የእንስሳት ጤና ረዳቱ ጣዲቻ መርጫውን አዝሎ መጣና፣ «ደም ከፈለጋችሁ ከቄራ አመጣለሁ፤ ትኩስ፣ ንጹሕ» አለ። የምትገደለዋን ሴት የምትጫወተው ረሆቦት ቀሚሷን ሰብስባ ተነሳች።

«በሁዳዴ? ደም አፌ ውስጥ? የንስሐ አባቴ ምን ይሉኛል?»

«ከፋሲካ በኋላ እንሥራዋ» አለ ጣዲቻ።

«ከፋሲካ በኋላም እኔ ቤት አይገባም» አለ ራሺድ፣ የቤት ውስጡ የሚቀረጸው እሱ ሳሎን ነበርና። «ደም ሐራም ነው። ወላሂ አንዲት ጠብታ ብትፈስ ሶፋውን አውጥቼ አቃጥለዋለሁ።»

በሥነ ጥበብ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ነገሌ ላይ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ነው። አምሀ ድርሰቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ኮሌጅ ይህን አላስተማሩትም። ቤቴ ሄጄ ቀይ ሥር ቀቀልኩ፣ ውኃውን በአጥሚት አወፈርኩት፣ እንዲያብረቀርቅ ስኳር ጨመርኩበት። የጾም ደም ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ረሆቦት በጣቷ ቀመሰችው።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

ቀረጻው ከከተማ ወጣ ብሎ ጽዱ ሥር ነበር። በደረቴ ተኛሁ። ጣዲቻ ጀርባዬን በመርጫው አጠበኝ፤ መርጫው ውስጥ የመዥገር መድኃኒት ቀርቶ ኖሮ ከዚያ ወዲህ መዥገር ነክቶኝ አያውቅም። አምሀ መጋዙን ይዞ ላዬ ላይ ቆሞ ለጫካው ይናገራል። ንግግሩ አያልቅም። ስኳሩ ጉንዳን ጠራ፤ ጉንዳኑ ካንገቴ ገባ። ቀስ ብዬ ፊቴን ወደ ካሜራው መለስ አደረግሁ።

«ቁረጥ» አለ አምሀ። «ባስሌ፣ ሬሳ አይዞርም።»

«ጉንዳን ነው።»

«ጉንዳኑ ግሩም ነው፤ ጉንዳኑ ይቆይ። አንተ አትዙር።»

እንደገና ስዞር ጋዜጣ አምጥቶ ጭንቅላቴ ላይ ጣለ። ያኔ ጋቢ፣ ዘንድሮ ጋዜጣ። ከጋቢ ወደ ጋዜጣ፣ ይቺ ናት በነዚያ ዓመታት ውስጥ የተሻሻልኩት።

ፊልሙ የተመረቀው ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከሰዓት፣ በራሺድ ቪዲዮ ቤት ነው። ፈቃድ ከሰጠው መሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊ ተጋብዘው ፊት ባለመከዳ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ አልመጣችም፤ የጨዋ ቤት ሴት ቪዲዮ ቤት አትገባም ነበር። እኔ ኋላ ነኝ፣ ያለ ማይክ። «ባማርኛ የተሠራ ፊልም ምን ተርጓሚ ያስፈልገዋል?» ብሎ በርጩማዬን ያስነሳው አምሀ ነው።

ተጀመረ። ሬሳው ታየ፣ ከነጋዜጣው። አምሀ መጋዙን ወደ ሰማይ አንሥቶ «አንቺ የጥርስሽ ፍም በልቤ አድማስ ላይ የነደደ መጋዝ ሆይ» አለ። «የጽዱ እንባ በሕሊናዬ ጓዳ ይንጠባጠባል» አለ። አግዳሚው መንቋቋት ጀመረ። ዋሪዮ ተነሥቶ ዞረ።

«ማል ጄዳ? ምንድን ነው የሚለው? ባስልዮስ የት ሄደ?»

«ወገኖቼ፣ ባማርኛ እኮ ነው» አለ አምሀ ቆሞ።

«እናውቃለን» አለ ዋሪዮ። «ይተርጎም።»

«ይተርጎም፣ ይተርጎም» አለ ቤቱ ሁሉ። አማርኛ አፍ የፈታበትም፣ ኦሮምኛ አፍ የፈታበትም አብሮ። ፊልም ማለት ለነሱ ባስልዮስ የሚያወራው ነው፤ ያለ እኔ ድምፅ ያዩትን አያምኑም። አምሀ ወደ ኃላፊው ተመለከተ፣ እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቢተረጎም አይከፋም» አሉ። «እኔም አንዳንዱ አምልጦኛል።»

ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መጣልኝ። በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ።

«ይህ በደረቱ የተኛው ሰው ማን ነው?» ብዬ ጀመርኩ። «ገዳዩ እንዳታውቁት ፊቱን በጋዜጣ ሸፈነው። ይህ ሰው የመጋዙ ጌታ ነው። ሕያው ሳለ ንቀውታል፤ ሞቶ አልተዋቸውም። መጋዙን ከመሬት ሥር ሆኖ የሚያዘው እሱ ነው።»

«አሃ» አለ ዋሪዮ።

ከዚያ ወዲያ ፊልሙ የሬሳው ሆነ። አምሀ ረሆቦትን ሲያሳድድ፣ ሬሳው ላከው አልኩ። ደሙ ሲረጭ፣ የሬሳው እንባ ነው አልኩ። አምሀ ዛፍ አቅፎ ያን ረጅሙን ንግግር ሲጀምር ደግሞ እንዲህ ብዬ ተረጎምኩት፦ «ጥፋቱ የኔ ነው ይላል። ያንን ሰው ገና ስምንተኛ ክፍል ሳለን ንቄዋለሁ፣ ይኸው ዋጋዬን አገኘሁ ይላል።» ሕዝቡ ከንፈሩን መጠጠ። አምሀ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ከረባቱን ሲያላላው አየሁት። በስክሪኑ ላይ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ ግን የኔ ነው።

ሲያልቅ አጨበጨቡ፤ የጃፓኑን እንዲህ አላጨበጨቡለትም። ኃላፊው ደን ከመጠበቁም ሌላ ሰው አለመናቅን ስለሚያስተምር ፊልሙን ወድጄዋለሁ አሉና፣ የአምሀን እጅ ጨበጡ። የኔን አልጨበጡም። ማይክ ይዤ ነበር፣ እሱ ይሆናል።

ሳምንቱን ሙሉ ታየ። ገበያ ስሄድ «ሬሳው» ይሉኛል፤ «የሬሳው ነፍስ በመጨረሻ ወዴት ገባች?» ብላ ያስቆመችኝ ጨው ነጋዴ አለች። አምሀ ይህን መቻል አቃተው። ካሴቱን ያዘና በጭነት መኪና ብቻውን ወደ ሜጋ ከተማ ሄደ፣ ያለ እኔ ሊያሳይ። ሄዶ አሳየ። ሰው ገና የመጀመሪያው ንግግር ሳያልቅ «ይህ ሰውዬ ዛፉን ምን አደረገኝ ብሎ ነው የሚሰድበው?» ብሎ ተነሥቶ ወጣ፤ የቀሩትም የጃፓኑ ይግባልን አሉ። ይህን የነገረኝ ሹፌሩ ነው፣ አምሀ አልነገረኝም።

አምሀ የመጣው በሌላ ጉዳይ ነው። ኃላፊው ለችግኝ ተከላ ቀን ፊልሙ በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ይታይ ብለዋል፣ ከነተርጓሚው። ቤታችን ገባና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እማማ ሐረገወይን፣ እንደምን ከረሙ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ አምሀ ነህ? ከሳህ።»

«የሥራ ብዛት ነው።» ወደ እኔ ዞረ። ባስሌ ማለቱን ትቷል። «ባስልዮስ፣ አዳራሹ ላይ እንድትተረጉም ነው። ያው እንዳለፈው።»

«ፊቴን ካሳየህ።»

«እንዴት?»

«ሬሳውን እንደገና እንቀርጸዋለን። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ያለ ጋዜጣ፣ ካሜራው ቀርቦ።»

«ሬሳ እኮ…»

«ፊቱ ይታይ እንጂ» አለች እናቴ ከጓዳ። «ፊት አለው እሱም።»

አምሀ አቀረቀረ። እሺ አለ። እናቴ ደግሞ አዳራሽ ከሆነማ እኔም እመጣለሁ አለች፤ ወይዘሮዎቹ ሁሉ ይመጣሉ፣ የመንግሥት ቤት ነው። ነጠላዋን ያን ዕለት ማታውኑ አጥባ አሰጣችው።

ቀረጻው ረቡዕ ላይ ዋለ፤ በዓለ ሃምሳ አልቆ ነበርና ደግሞ የጾም ደም ቀቀልኩ። ጽዱ ሥር በጀርባዬ ተኛሁ። ሰማይ አየሁ። ካሜራው ቀርቦ መጣ፣ መስተዋቱ ውስጥ ራሴን አየሁት፤ ጢሜን ተላጭቼ ነበር። አምሀ ከካሜራው ኋላ ቆመ፣ ጣዲቻ መርጫውን አዘለ።

«ዓይንህን እንዳትጨፍን» አለ አምሀ። «ጀምር ጣዲቻ።»

መጀመሪያ ደረቴ ላይ ነበር። ቀጥሎ አንገቴ ላይ።

«ከፍ አድርገው። ጨምር።»

«ኧረ በቃው» አለ ጣዲቻ። «ሰውዬው ሊታፈን ነው።»

«ጨምር እልሃለሁ። ጃፓኖች ደም አይቆጥቡም፤ በቃ ሲባል ነው የሚጨምሩት። የነገረን ራሱ ባስልዮስ ነው።»

ምን ልበል? የገዛ ቃሌ ነው፤ ደግሞም ሬሳ ነኝ፣ ሬሳ አይናገርም። ዓይኔ ውስጥ ሲገባ አንዴ ጨፈንኩት። ሌላውን ቻልኩት።

የተከላው ቀን አዳራሹ ሞላ። ሦስት ሰዎች ስለ ችግኝ ተናገሩ። እናቴ ፊት ረድፍ ላይ፣ ከኃላፊው ሚስት አጠገብ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋ ወተት መስሏል። ከመጀመሩ በፊት በርጩማዬ ድረስ መጣችና ጎንበስ አለች።

«በየት በኩል ነው የምትመጣው?»

«ገና እንደተጀመረ። እንዳታመልጥሽ።»

«ዘንድሮስ አታመልጠኝም።»

የአዳራሹን መብራት አጠፉ። ጽዱ ታየ። ከዚያ ካሜራው ወረደ፣ ትልቁን ቴሌቪዥን ፊት ሞላው። ቀይ ነው። ከላይ እስከ ታች ቀይ ብቻ። እኔ ራሴ፣ የራሴ ፊት መሆኑን እያወቅሁ፣ አፍንጫዬን ፈልጌ አጣሁት። ሁለት ዓይን ብቻ ነው ከውስጡ የሚያየው። አንዱ ጥግ ላይ አምሀ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ ፊቴን አሳያለሁ ያለውን ቃሉን ጠብቋል፤ ምን ልለው?

«ሬሳው ዓይኑን ጨፈነ» አለ ዋሪዮ ከመሐል። «አልሞተም ይሄ።»

ሰው ሳቀ። በሳቁ መሐል የእናቴን ድምፅ ሰማሁ፣ ከፊት ረድፍ፣ ለኃላፊው ሚስት ይመስላል የምትነግራት፣ ግን አዳራሹ ሁሉ ሰማው፤ እሷ አሁንም የተላጨውን ፊቴን ነበር የምትጠብቀው።

«ይህን ምስኪን እንዲህ ሲያደርጉት፣ እናት የለውም ወይ?»

ማይኩ አፌ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ትርጉሙን ይጠብቃል።

«አለችው» አልኩ። «እናት አለችው። ዓይኑን የጨፈነው እሷን አይቶ ነው። እዚሁ ናት፣ ከመካከላችን ተቀምጣለች።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደችና፣ ወደ ኋላ ዞራ፣ በየረድፉ፣ ያቺን የሬሳውን እናት ትፈልግ ጀመር።